አምሳ ቃጭል

ከመርሳ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ጭኖ በስሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ የሚወጣው አይሱዙ ስሙን በላቲን ፊደል ግንባሩ ላይ ለጥፎ ስለሚሄድ፣ ስሙ ትርጉም ያለው ቃል ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። በአገሩ በጃፓን ግን ይህ ስም በሦስት ምልክቶች ይጻፋል። የመጀመሪያው «አምስት»፣ ሁለተኛው «ዐሥር»፣ ሦስተኛው «ቃጭል» ነው። አምስት ጊዜ ዐሥር አምሳ ነውና አይሱዙ ማለት አምሳ ቃጭል ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው በኢሴ ካለው ታላቅ የሺንቶ መቅደስ አጠገብ ከሚፈሰው የኢሱዙ ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የኩባንያው መጠሪያ ሆነ። በፍጥነቱ የተነሳ መንገደኛው ሌላ ሌላ ቅጽል ያወጣለት መኪና በትውልድ ስሙ የቃጭል ድምፅ መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመን ግን ሦስተኛው ምልክት ነው። የጃፓንን ጽሕፈት ለጀማሪ የሚያስተምሩና እኛ እጅ የሚገቡ መጻሕፍት ከሞላ ጐደል ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለተዘጋጁ፣ ከምልክቱ ጎን የምናገኘው ፍቺ «ቤል» የሚል ነው። ገጹን ስንገልጥ ሌላ ምልክት ይመጣል፤ እሱም «ቤል» ተብሏል። የመጀመሪያው በእጅ የሚንሿሿው ትንሹ ነው፣ ሁለተኛው በቤተ መቅደስ ተሰቅሎ የሚመታው ትልቁ። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል። በቅዳሴ መካከል ቃጭል፣ ከቅዳሴ በፊት ደወል ሲሰማ ያደገ ሰው ግን ለሁለቱ ምልክቶች ሁለት ስም አስቀድሞ አለው። መሠረታዊ የጃፓን ምልክቶችን የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ፍቺውን በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያጥረው ደግሞ በግእዝ ቢይዝ ይሻለዋል የምለው ከዚህ ዓይነቱ ነገር ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጽሕፈቱ ጥቂት ልበል። ጃፓኖች በሦስት ዓይነት ፊደል አደባልቀው ይጽፋሉ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት ሲኖሯቸው እንደኛው ፊደል የቃልን ድምፅ በክፍለ ቃል ይጽፋሉ። ሦስተኛው ካንጂ ነው፤ ከቻይና የተወሰደና ቃልን ከነትርጉሙ የሚወክል ምልክት ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ ይበቃሉ ተብለው በመንግሥት የተመዘገቡት ምልክቶች፣ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ፣ 2,136 ናቸው። ከእነዚህ 1,026ቱን ልጆች በስድስቱ የአንደኛ ደረጃ ዓመታት ይማራሉ፤ አንደኛ ክፍል ላይ የሚጀምሩት በ80 ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ሆሄ የቆጠረ ሰው ቁጥሩ አያስደነግጠው ይሆናል፤ የሚያስደነግጠው ምልክቱ ድምፅን ሳይሆን ትርጉምን መያዙ ነው። «እንዲህ ያለ ጽሕፈት እኛ ዘንድ የለም» ይላል ሰው። አለ እንጂ። በየቀን መቁጠሪያው፣ በየመጽሐፈ ጸሎቱ ምዕራፍ ራስ ላይ ያለው የግእዝ ቁጥር ምንድን ነው? ፫ን አማርኛ አንባቢ «ሦስት» ይለዋል፣ ትግርኛ አንባቢ «ሰለስተ»፣ ካህኑ በዜማው መካከል «ሠለስቱ»፤ ኦሮምኛ ተናጋሪም አይቶት «ሰዲ» ቢል አልተሳሳተም። ምልክቱ ለማንኛውም አፍ ያልወገነ ነው። ጃፓናዊውም ሦስት አግድም ጭረት ደርድሮ አንዴ «ሳን»፣ አንዴ «ሚ» እያለ ያነባል። ከቁጥር ያለፈ ዝምድና የለውም ካልተባለ በቀር፣ የካንጂን ባሕርይ ለማስረዳት ከ፫ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ቁጥሩን ትንሽ ብንገፋበት ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። የግእዝ አቆጣጠር ከመቶ ቀጥሎ የራሱን ምልክት የሰጠው ለሺህ አይደለም፤ ለእልፍ ነው፣ ለ፼። ዐሥር ሺህ ማለት ነው። የካንጂ አቆጣጠር ለሺህም ምልክት አለው፤ ነገር ግን ትልልቁን ቁጥር የሚሸከመው «ማን» የተባለው የእልፍ ምልክት ነው። መቶ ሺህን ጃፓናዊው «ጁማን» ይለዋል፣ ዐሥር እልፍ። በግእዝ ስንጽፈው ፲፼ ነው፣ እሱም ዐሥር እልፍ። በእንግሊዝኛ ወይም በዛሬው አማርኛ በሺህ እየቆጠረ ወደ ጃፓንኛ የሚገባ ተማሪ ዋጋ በተነገረው ቁጥር ዜሮ ሲቆጥር ይውላል፤ ፼ን የሚያውቅ ግን መደብ አይቀይርም። አንድ ልዩነት አለ፤ ግእዝ ለሃያም ለሠላሳም የተለየ ምልክት ሲኖረው ካንጂ «ሁለት ዐሥር»፣ «ሦስት ዐሥር» ብሎ ያልፋል። ለጀማሪ ይህ እፎይታ ነው። የዐሥሩ ምልክት ራሱም ለኛ ዓይን አዲስ አይደለም፤ ቀጥ ያለ መስቀል ሆኖ ተን ይመስላል። የተራራው ምልክትም ከአንድ መሠረት ላይ ሦስት ዘንግ ስላወጣ፣ የመካከለኛው ዘንግ ረዘም ከማለቱ በቀር ንጉሡ ሠ ነው።

ጀማሪውን ከሁሉ ይልቅ ግራ የሚያጋባው የንባቡ እጥፍነት ነው። ተራራ ብቻውን ሲቆም «ያማ» ይባላል፤ ከፉጂ ጋር ሲጣመር «ሳን» ይሆናል። ውሃ ብቻውን «ሚዙ» ነው፤ የጥፋት ውሃን በሚጠራው ጥምር ቃል ውስጥ ግን «ዙይ» ሆኖ ይሰማል፤ «ኮዙይ»። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን እንደ ጃፓንኛ ጠባይ አድርጎ ያቀርበውና ተማሪው እንዲሸመድደው ያዘዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ሲያደርግ ነው የኖረው። ከፍታውን ሲያይ «ተራራ» ይላል፤ ስም ሲያወጣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ብርሃን። ከእንስራ የሚቀዳው «ውሃ» ነው፤ የኖኅ ዘመኑ «ማየ አይህ»። ትከሻው ላይ ያለው «ራስ» ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ «ርእሰ መምህር»። ለብቻው የሚቆመው የአገሬው ቃል፣ በጥምር ስም ውስጥ የሚገባው ከመጽሐፍ ቋንቋ የመጣው ቃል መሆኑ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ምክንያቱም ይመሳሰላል። የቻይና ቃላት ጃፓን የገቡት ከቡድሃ እምነት መጻሕፍትና ከቤተ መንግሥት ሥርዓት ጋር ነው፤ የኛም ግእዝ በቤተ ክህነትና በቤተ መንግሥት በኩል በአማርኛ ላይ ተደርቦ ቆይቷል። እርግጥ ነው፣ እኛ «ተራራ»ንና «ደብር»ን በተለያዩ ፊደላት እንጽፋለን፣ ጃፓኖች ሁለቱን ድምፅ ለአንድ ምልክት አሸክመውታል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ግን የንባብ ልምዱን ይለውጣል እንጂ የቃሉን አደራደር አይለውጥም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ፊደልና ቋንቋ አንድ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ የወሎ ዑለማዎች አማርኛ ግጥም በዐረብ ፊደል ጽፈዋል፤ አጀሚ የሚባለው ነው። ቋንቋው የራስ፣ ፊደሉ ከሃይማኖት ጋር ከውጭ የመጣ። ጃፓኖችም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የራሳቸውን ንግግር በተውሶ ምልክት መጻፍ። ከወልድያ ሽቅብ ወደ ወረታ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰው «የቻይና መንገድ» የሚለው ቻይናውያን ስለሠሩት ነው። የሠሪዎቹ አገር ስም የሚጻፍባቸውን ሁለት ምልክቶች፣ «መካከለኛ» እና «አገር»ን፣ ጃፓናዊ አንባቢም አይቶ ይረዳቸዋል፤ አፉ ላይ ግን «ዦንግጉዎ» ሳይሆን «ቹጎኩ» ይላል። እንደገና የ፫ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛው ምን ያበላሻል? የመጀመሪያው ጥፋት የቃሉ መንታነት ነው። አንደኛ ክፍል ከሚማሯቸው 80 ምልክቶች አንዱ «ራይት» ተብሎ ይፈታል። ቀኝ ነው፣ ትክክል ነው ወይስ መብት? ከገጹ ላይ አይታወቅም፤ የታሰበው ቀኝ ነው። «ስፕሪንግ» የተባሉ ሁለት ምልክቶች ይገኛሉ፤ አንዱ ወቅት ነው፣ ሌላው ምንጭ። ለእንግሊዛዊ ልጅ ይህ ችግር አይደለም፣ ከአፉ የወጣ ቋንቋ ነውና ዐውዱን ይሞላል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ላገኘ ሰው ግን እያንዳንዱ መንታ ቃል መንገድ የሚያስት መገንጠያ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል፤ የሁለት እርከን ትርጉም ነው። የጃፓን የሙቀት ወቅት ምልክት በእንግሊዝኛ «ሰመር» ተባለ፣ «ሰመር» ደግሞ ብዙ ጊዜ «በጋ» ተብሎ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ተማሪው በዚህ መንገድ የሚደርስበት በጋ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቁ ጊዜ ነው። የጃፓኑ ወቅት ግን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚውል ነው፤ በአብዛኛው አገር የሚጀምረውም ቀናትን በሚዘልቅ ዝናብ ነው። በወርም በዝናብም ለክረምት ይቀርባል፤ ሙቀቱ ብቻ ይለያያል። በ«ስፕሪንግ» በኩልም እንዲሁ «ጸደይ» ላይ ተደርሶ ጸደይ መቼ ነው በሚል ክርክር ይቀራል፤ የካቲት ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያይ የወሎ ደጋ ገበሬ ግን «በልግ» ብሎ ወሩን ያገኘው ነበር። አንድን ቃል በሁለት ቋንቋ ያሳለፈ ሰው የት እንደሚደርስ ለማወቅ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ያለችውን ውጫሌን ማስታወስ ይበቃል፤ በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ «ይቻላል»፣ በጣልያንኛ ግዴታ ሆኖ ተገኝቷል። የካንጂ መዝገብ ጦርነት አያስነሳም፤ የስህተቱ አሠራር ግን ያው ነው።

ይህ የጥፋቱ ወገን ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ የሚቀረው ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ መሠረታዊ ምልክቶች ትርጉማቸውን የሚያሰፉበት አቅጣጫ ከኛው ቃላት ጋር የሚገጥም ነው። የዛፉን ምልክት እንመልከት፦ መስቀል ይሠራና ከመገናኛው ግራና ቀኝ ሁለት ቅርንጫፍ ወደ ታች ያወርዳል። ዛፍም ነው፣ እንጨትም ነው። አማርኛ ሁለቱን ይለያል፤ ግእዝ ግን አይለይም። ዕፀ በለስ የቆመ ዛፍ ነው፣ ዕፀ መስቀል የተጠረበ እንጨት፤ ዕፅ አንድ ነው። የጨረቃው ምልክት ወርም ነው፤ በግእዝ «ወርኅ» ጨረቃም ወርም ነበር፣ የዛሬው «ወር» የተወለደው ከዚያ ነው። የአፍ ምልክት ባዶ አራት ማዕዘን ነው፤ ከበር ምልክት ጋር ሲጣመር «ቶጉቺ»፣ የበር አፍ፣ ይሆናል። ይህን በእንግሊዝኛ «ዶርዌይ» ብሎ የተማረ ሰው አፉን አጥቶታል። አማርኛው ግን ቃል በቃል ያው ነው፤ ደጅ እና አፍ፣ ደጃፍ። ባንክ በጃፓንኛ «ጊንኮ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ብር ነው፣ ማዕድኑ፣ ሁለተኛው በጥንቱ አነጋገር የንግድ ቤት። ማርትሬዛ ሲቆጠርበት ከነበረው ዘመን ጀምሮ ገንዘቡን በማዕድኑ ስም ብር ሲል ለኖረ ሕዝብ ይህ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

ከሁሉም የማሳው ምልክት መርሳ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ አንባቢ የቀረበ ነው። አራት ማዕዘን ተሠርቶ በውስጡ መስቀል ይገባበታል፣ በድንበር የተከፋፈለ መሬት ከላይ ሲታይ። ቻይና ውስጥ ማንኛውም እርሻ ነው፤ ጃፓን ሲገባ ጠበበና ውሃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ ብቻ ሆነ። በዝናብ ወይም በደረቅ ለሚታረሰው ጃፓኖች ራሳቸው ሌላ ምልክት ፈጠሩ፤ ማሳውን ወስደው በግራው እሳት ጨመሩበት፣ ቁጥቋጦውን አቃጥሎ ማረስን ለማስታወስ። የእንግሊዝኛው ዝርዝር አንዱን «ራይስ ፊልድ»፣ ሌላውን «ፊልድ» ይልና ልዩነቱን በእህሉ ዓይነት ላይ ያደርገዋል። ልዩነቱ ግን የውሃ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከሚጠጣው የሽንኩርት ማሳ አጠገብ ሰማይ ጠባቂ የማሽላ መሬት ያየ ሰው «የመስኖ» እና «የዝናብ» ብሎ ይከፍለዋል፤ ሩዝ ዘርቶ ባያውቅም ከ«ራይስ ፊልድ» ይልቅ ወደ ምልክቱ ልብ ቀርቧል። በዚህ ምልክት የተሠሩ ስሞች ደግሞ መንገዱን ሞልተውታል። ቶዮታ የጠገበ ማሳ ነው፤ ከቤተሰቡ ስም ከቶዮዳ የተወሰደው የመኪናው ስም እ.ኤ.አ. በ1936 «ቶዮታ» የተባለው አንዱ ምክንያት በካታካና ሲጻፍ እንደ ዕድለኛ በሚቆጠረው በስምንት ጭረት ስለሚያልቅ ነው። ሆንዳ የሥር ማሳ፣ ማዝዳ ከመሥራቹ ስም ከማትሱዳ ቢነሳ የጥድ ማሳ። ማሳ ከሌለባቸው ደግሞ ሱዙኪ የቃጭል ዛፍ፣ ያማሃ የተራራ ቅጠል ናቸው።

ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ተማሪው ከየት ያመጣል? እውነት ነው፣ በእንግሊዝኛው ማለፉ አይቀርም። ማለፍና እዚያ ማደር ግን ይለያያል። ከምልክቱ ጎን በደብተሩ የሚሰፍረው የመጨረሻ ቃል የአማርኛ ይሁን ነው የምለው። ለዚህ የጠንካራው ተቃዋሚ ሥራ ራሱ ምስክር ይሆነኛል። ጄምስ ሃይሲግ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ዘዴ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ቃል ሰጥቶ፣ ንባቡን ወደ ኋላ አቆይቶ፣ በምናብ ታሪክ አያይዞ ሁለት ሺህ ያህሉን አስተማረ። ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ዘዴው ወደ ስፓኒሽ፣ ወደ ጀርመንኛና ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገር ግን ቁልፍ ቃሎቹም በየቋንቋው ተተክተዋል። የቁልፉ ጉልበት በእናት ቋንቋ መሆኑ ላይ ነበርና ከዚህ ሌላ አማራጭ አልነበረም። እኛ ብቻ በሰው ቁልፍ የራሳችንን በር የምንከፍትበት ምክንያት አይታየኝም። አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ኢትዮጵያዊም በራሱ ቋንቋ ይያዘው፤ ክርክሩ የሚሠራው ለሁሉም ነው።

«ትርጉም ብቻውን ማንበብ አይሆንም» የሚለው ተቃውሞ ከፊተኛው ይከብዳል፣ በከፊልም እቀበለዋለሁ። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ዳዊትን ከግእዝ ንባብ እስከ ቁም ንባብ ሲወጣ ድምፁን ሁሉ ይዞ ትርጉሙን ሳያውቅ ዓመታት ይቆያል፤ በሃይሲግ መንገድ የሄደ ደግሞ ትርጉሙን ሁሉ ይዞ አንዲት ቃል ሳይጠራ ይቆያል። ሁለቱም ግማሽ ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምልክት ጋር ቢያንስ የአገሬውን ንባብና አንድ ጥምር ቃል አብሮ መያዝ ግድ ነው። ምልክቶቹም ራሳቸው ድምፅ ያዋሳሉ። ሰው ሁሉንም ሥዕል አድርጎ ያስባል፤ ሥዕል የሆኑት ጥቂቶቹና ቀላሎቹ ናቸው። አብዛኞቹ በአንድ ወገን የትርጉም፣ በሌላ ወገን የድምፅ ምልክት የያዙ ጥንዶች ናቸው። የአይሱዙው ቃጭል በግራው ብረታ ብረትን የሚያመለክተውን፣ በቀኙ ደግሞ «ሬይ» የሚል ድምፅ የሚያበድረውን ይዟል፤ ከቻይና በመጣው ንባቡም «ሬይ» ይባላል። በሥዕል ታሪክ ብቻ ይህን ለማስታወስ መሞከር ጉልበት መጨረስ ነው።

«ታዲያ በ46ቱ ፊደል ብቻ ጽፈው ለምን አይገላገሉም?» የሚልም አለ። «ሃና» ተብሎ በድምፅ ቢጻፍ አበባ ነው ወይስ አፍንጫ አይለይም፤ ምልክቱ ይለየዋል። ከሁለቱ ሰ፣ ከሦስቱ ሀ ትርፉን እናስወግድ የሚለው የኛው የቆየ ክርክር ዘመድ ነው። ሠረቀ ወጣ ነው፣ ሰረቀ ሌብነት ነው፤ ምሥራቅ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ የፀሐይ መውጫ መሆኑን ራሱ ይናገራል። የጃፓን ስምም ሁለት የአንደኛ ክፍል ምልክቶች ናቸው፣ ፀሐይ እና ሥር፤ ሥር የተባለው ያው ዛፍ እግሩ ላይ አጭር ጭረት ሲጨመርበት ነው። የፀሐይ መነሻ ማለት ነው፣ ምሥራቅ ብንለው ብዙም አልራቅን።

አማርኛ ሁሉን ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። ይኸው የፀሐይ ምልክት፣ በመካከሉ አንድ ጭረት የገባበት ቋሚ አራት ማዕዘን፣ ቀንም ነው። በኒሳን ስም የመጀመሪያው እሱ ነው። ለዕፅና ለወርኅ የደረሰልን ግእዝ እዚህ አይደርስም፤ ፀሐይ እና ዕለት አልተዛመዱም፣ በአማርኛም ፀሐይ እና ቀን ለየብቻ ናቸው። እንግሊዝኛውም ከኛ አልተሻለም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ሁለት ቃል ጽፈው ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ጃፓንኛ ግን እሑድን ሲጽፍ ምልክቱን በቃሉ መጀመሪያም መጨረሻም ያስቀምጠዋል፦ «ኒቺዮቢ»። ፊት ያለው «ኒቺ» ተብሎ ፀሐይ፣ ኋላ ያለው «ቢ» ተብሎ ቀን ነው። በደብተሩ ላይ ግን ሁለቱ ቁርጥ አንድ ናቸው።